መስመር አርባ ሦስት

ሃፕሳሉ በየካቲት፣ ባሕሩ ረግቶ ሲነጣ፣
ሄልዩ ቤተ መጻሕፍት ደረሰች፣ ፀሐይ በቅጡ ሳትወጣ።
ኮቷን አራግፋ ሰቀለች፣ ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች፣
ከዕቃ መያዣዋ አንድ ደብተር፣ እንደ እንቁላል ይዛ አወጣች።
ባለ ካሬ መስመር ነው፣ ጥጉን ዓመታት የቀመሰው፣
ገጽ ሰባቱ ሻይ የጠጣ፣ ገጽ ዘጠኙን ሻማ የላሰው፣
በነጥብና በጭረት የታጨቀ፣ ፊደል መስሎ ፊደል ያልሆነ፣
የእህቷ የቪርቬ እጅ ነው፣ ካለፈው መጸው ወዲህ የቦዘነ።

ቪርቬ ሻርፕ ትሠራ ነበር፤ ሦስት ክንድ የሚሆን ዳንቴል፣
በጋብቻ ቀለበት ውስጥ እንደ ጉም ሾልኮ እልም የሚል።
ነጥቡ ቀዳዳ ነው፣ ጭረቱ ቋጠሮ፣
ሥራው ግማሹ ክር፣ ግማሹ አየር ነው፣ ተሰፍሮ ተቆጥሮ።

ታአቪ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጎረምሳ፣
ገጹን መስታወቱ ላይ ደፍቶ ክዳኑን መለሰው፣
ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እንደ ሐኪም እጅ ዳሰሰው።
ቅጠል በቅጠል፣ ሠላሳ አንድ ገጽ፣ አንድ ፒዲኤፍ ሆነ፤
"ስሙን ምን ልበለው?" አለ፤ "ቪርቬ" አለችው፤ ፋይሉ ተከደነ።

"ይኸውልዎ፣ በሌላ ፕሮግራም ቢጻፍ መንገድ ላይ ይበተናል፣
ፊደሉ ይሰደዳል፣ ሠንጠረዡ ይንጋደዳል።
ይህ ግን ስልክ ላይም ይከፈት፣ ባሕር ማዶም ይሻገር፣
አንዲት ነጥቡ አትነቃነቅም፣ ካኖሩባት አገር።"
ሄልዩ ሳቀች፦ "እንዲህ ያለ ባል አጥቼ ነው ሦስቴ ያገባሁት!"
ታአቪ ጆሮው ቀላ፤ ገጹን አጎላው፣ የሚለው ቢጠፋበት።

ማጥፊያውን አሳያት፤ የሻዩ እድፍ በጣት ግፊት በነነ፣
ሻማው የላሰው ዳር እንደ አዲስ ወረቀት ሆነ።
ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፦ ድንች። ሳሙና። የሲኒማ ትኬት ሁለት።
እሱንም አነሣው፤ እጁን ያዘችው፦ "መልሰው፤ እሱን ተውላት።"
መመለሻ ቁልፍ አለ፤ አንዴ ሲጫን
ድንቹ መጣ፣ ሳሙናው መጣ፣ ትኬቱ መጣ።
ሄልዩ ቁልፉን ረዘም አድርጋ አየችው።
ከዚያ ድሩን በድር ላኩት፣ ለወደደ ሁሉ፣ ያለ ዋጋ።

ሚያዝያ ገባ፤ ባሕሩ ከበረዶ እስሩ ሲፈታ፣
ከቺሎዌ ደሴት፣ ከቺሊ ጠረፍ፣ ኢሜይል ደረሰ አንድ ማታ።
ኦርቴንሲያ ካርካሞ ትባላለች፤ በግ አርቢ፣ ፈታይ፣
ያንኑ ፋይል መለሰችው፣ ቢጫ ቀብታ ገጽ አሥራ ስምንት ላይ።
መስመር አርባ ሦስት። በትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ ማሽን በተረጎመው ቃል፦
"ወይዘሮ፣ እዚህ አንድ ቀዳዳ ጎድሏል።
ሦስት ጊዜ ተረተርሁት። ጥፋቱ የኔ ይሆን?"

ሻርፑን ከቁም ሣጥን አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው፣
ሠላሳ ዓመት የለበሰችውን፣ በጥፍሯ ቆጠረችው።
እውነትም። አየር መሆን በነበረበት፣ ክር።
ማንም አላየውም፤ ስንት ሠርግ፣ ስንት ቀብር።

ትዝ አላት። በዚሁ መስኮት። ቪርቬ በከንፈሯ ስትቆጥር ነበረ፣
"ነይ እዪ! በረዶው ሄደ!" ያለቻት እሷ ናት፤
ባሕሩ እንደ አቡጀዲ ተተረተረ።
ቀና አለች። ሁለቱም አዩ። ስትመለስ ቁጥሩ አንድ ጎደለ።
ደብተሩን ከሻርፑ ቀዳችው፤ ጉድለቱም አብሮ ተቀዳ፤
ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለ።

"ላርመው?" አለ ታአቪ። "አንድ ነጥብ ናት፤ ሁለት ሰከንድ።"
"ነጥቧን አትንካ። ከቢጫው ጎን ማስታወሻ ጨምርልኝ።"
እሷ ተናገረች፣ እሱ መታው፦
"መስመር አርባ ሦስት። ልክ ነሽ፣ አንድ ይጎድላል። ከፈለግሽ ሙዪው።
ካልፈለግሽ፣ እዚህ ስትደርሺ መርፌሽን አስቀምጪ፣
ቀና በይ፣ በመስኮትሽ ተመልከቺ።"
"ቪርቬ፣ ሁለተኛ እትም" ተብሎ ተቀመጠ፤ ሦስት ሜጋባይት ከምናምን።

ሰኔ ላይ መልስ መጣ። ፎቶ የለው፣ አባሪ የለው፦
"ደረስሁ። ቀና አልሁ።
ዝናብ ነው። አንዲት በግ አጥር ዘላ ነበር፣ ልይዛት ሄድሁ።
ስመለስ ስንተኛው ላይ እንደነበርሁ ጠፋኝ።"